የአጃ ወተት ልብ አልሠራ ላላችሁ

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ የአጃ ወተትን ያህል የተደጋገመ የለም። ሰዎች የኤስፕሬሶ ማሽን ቤታቸው አስገብተዋል፣ ወተት በእንፋሎት የሚያሞቁበት ጆግ ገዝተዋል፣ ላቴ አርት የሚባለውን፣ ማለትም ላቴ (ወተት የበዛበት ቡና) ላይ የወተቱን አረፋ እየቀዱ ልብና ቅጠል መሣልን፣ በላም ወተት ትንሽ ተለማምደዋል። ከዚያ ወደ አጃ ሲዞሩ የያዙት ሙያ ሁሉ በአንዴ የጠፋባቸው ይመስላቸዋል። አልጠፋባቸውም። የአጃ ወተት የራሱ ጠባይ አለው፣ ጠባዩን ካወቁለት ደግሞ እሺ ባይ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ረጃጅም ደብዳቤዎችን አሳጥሬያለሁ፣ ተመሳሳይ የሆኑትንም አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ በላም ወተት ልብ መሥራት ለምጄ ነበር። ወደ አጃ ከዞርኩ ወዲህ ግን አረፋው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ሥሩ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ስቀዳ መጀመሪያ ቀጭኑ ይወርድና መጨረሻ ላይ አረፋው በአንዴ ዱብ ይላል። ምን ጎደለኝ? (ሰ.)

መልስ፦ እህቴ፣ የጎደለሽ ነገር የለም፣ የበዛብሽ ነው ያለው። አየር በዝቷል፣ ያውም ዘግይቶ ነው የገባው። እነዚህን ሁለቱን ካስተካከልሽ አብዛኛው ችግር አብሮ ይሄዳል።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ስታውቂ እጅሽ ቶሎ ይታረማል። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 3.3 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን እያንዳንዷን የአየር ፊኛ ከቦ ይይዛታል፣ ለዚህ ነው የላም ወተት ትንሽ ብታጠፊም የሚችልሽ። የአጃ ወተት ፕሮቲን ግን 1 ግራም አካባቢ ነው። አረፋውን የሚደግፍለት በአብዛኛው ውፍረቱ ነው፣ ውፍረቱን የሚሰጡት ደግሞ የተጨመረበት ዘይትና ቤታ ግሉካን የሚባለው የአጃው ዝልግልግ አሰር ናቸው። ትልልቅ ፊኛዎችን መያዝ አይችልም፣ ይፈነዳሉ ወይም ወደ ላይ ይወጣሉ። በጣም ደቃቅ የሆኑትን ግን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ሥራችን ጥቂት አየር በጊዜ ማስገባትና እሱን እስኪደቅ ማሽከርከር ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ወተቱ ከፍሪጅ እንደወጣ ይሁን፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። ቀዝቃዛ ሲሆን አየሩን ለማድቀቅ ጊዜ ታገኛለሽ። ካርቶኑን በደንብ ነቅንቂው፣ ምክንያቱም የተጨመረበት ካልሲየምም ሆነ ከአጃው የቀረው ሥሩ ይዘቅጣል፣ ሳይነቀነቅ የተቀዳ ወተት መጀመሪያ ቀጭን፣ መጨረሻ ላይ ወፍራም ነው የሚሆነው፣ እና ብዙ ሰው «ትናንት ሠርቶልኝ ዛሬ እምቢ አለኝ» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ለአንድ ኩባያ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጆግ ይበቃል። ወተቱን የጆጉ መቅጃ አፍ ከሚጀምርበት ቦታ አታሳልፊው።

ጆጉን ከማስጠጋትሽ በፊት ስቲሙን፣ ማለትም የማሽኑን እንፋሎት፣ ባዶውን ልቀቂው፣ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ይውጣ። ከዚያ ጫፉን ከወተቱ ፊት ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርገሽ ስቲሙን ሙሉ በሙሉ ክፈቺው። ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ትሰሚያለሽ። አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ጠንካራ ስቲም ባለው ማሽን 2 ሰከንድ ገደማ ይበቃል፣ ደከም ባለው ደግሞ እስከ 5 ሰከንድ ሊሄድ ይችላል። ከሰከንዱ ይልቅ እጅሽን እመኚ። ጆጉን የያዘው መዳፍሽ ቅዝቃዜ መስማቱን ሳያቆም አየር ማስገባቱ ማለቅ አለበት።

ቀጥሎ ጫፉን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጊው፣ ከመሃል ወደ ጎን ወሰድ አድርጊው፣ ጆጉንም ትንሽ አዘንብዪው። ወተቱ በራሱ መሽከርከር ይጀምራል። ድምፁም ዝም ይላል ማለት ይቻላል። ይህ ዝም ያለው ጊዜ ነው አረፋውን የሚሠራው። ትልልቆቹ ፊኛዎች አዙሪቱ ውስጥ እየገቡ ይደቃሉ፣ ከወተቱም ጋር ይዋሃዳሉ። አየሩ ዘግይቶ ሲገባ ግን ይህ ጊዜ አይኖርም፣ ወተቱ ሳይዋሃድ ይሞቅና ማቆም ግድ ይሆናል። ያንቺ አረፋ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

ስታቆሚ ጆጉን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሁለቴ ኳ አድርጊው፣ ከዚያ አሽከርክሪው፣ ፊቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ማሽከርከሩን እስክትቀጂ ድረስ እንዳታቆሚ። የላም ወተት ትንሽ ቢቆይ ይታገሳል፣ አጃው ግን እንደቆመ መለያየት ይጀምራል። ስልክ ቢጮህም ተዪው።

ጥያቄ፦ ቡና በጣም ትኩስ ካልሆነ አይጥመኝም። ወተቱን በቴርሞሜትር 70 ዲግሪ አደርሰዋለሁ። የአጃ ወተት ግን ይወፍርብኛል፣ ጣዕሙም የአጃ ገንፎ ይሆናል። (መ.)

መልስ፦ ወንድሜ፣ 70 ለአጃ በዝቷል። ከ55 እስከ 60 ባለው ውስጥ አቁመው። 65 የመጨረሻው ወሰን ነው፣ እዚያም ላይ ጣዕሙ መውረድ ጀምሯል።

የአጃ ወተት ሲሠራ አብዛኛው ስታርች ይፈርሳል፣ የሚቀር ግን አለ። ሙቀት ሲበዛ ያ የቀረው ስታርች ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ወተቱም ይወፍራል። ልክ ገንፎ ስትሠራ የሚሆነው ነው፣ የቀመስከውም እሱኑ ነው። ወፍራም ወተት ደግሞ እንደፈለግከው አይፈስም፣ ሥዕሉ ጠርዝ አይኖረውም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ቴርሞሜትር ዘግይቶ ነው የሚናገረው። መርፌው 60 ሲል ወተቱ አልፎታል። ስለዚህ 53 ወይም 54 ላይ ስቲሙን ዝጋው፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ደግሞ መዳፋችሁን የጆጉ ጎን ላይ አድርጉ። ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ መያዝ ሲያቅታችሁ አቁሙ። ለትኩስነቱ ሌላ መንገድ አለ፦ ኩባያውን አሙቀው። በፈላ ውሃ ሞልተህ ወተቱን እስክትጨርስ ተወው፣ ከዚያ ደፍተህ ጠርገው። በቀዝቃዛ ኩባያ የተቀዳ ላቴ ገና ሳትቀምሰው ሙቀቱ ይወርዳል፣ ያን ለማካካስ ወተቱን ማቃጠል አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ትንሽ ናት። መጀመሪያ ቡናውን ታወጣለች፣ ከዚያ ለስቲም እስክትሞቅ መጠበቅ አለብኝ። ስቲሟም ደካማ ነው፣ ቧንቧዋ ላይም ጎኑ ቀዳዳ ያለው ቀፎ ተሰክቷል። በዚህች ማሽን የአጃ ላቴ አርት የማይታሰብ ነው? (ዳ.)

መልስ፦ ይታሰባል፣ ብዙ ሰው የሚሠራውም በእንዲህ ያለችው ነው። እንዲያውም ቀስ ያለ ስቲም ለጀማሪ አንድ ጥቅም አለው፣ የምታደርገውን ለማየት ጊዜ ይሰጥሃል።

ችግሩ ያ ቀፎ ነው። የተሠራው ስቲም ለማያውቅ ሰው ብዙ አረፋ እንዲያወጣለት ነው፣ በጎኑ ቀዳዳ አየር እየሳበ ወተቱ ውስጥ ያስገባል። ለአጃ ወተት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የሚወልቅ ከሆነ ቀዝቀዝ ሲል አውልቀው፣ ከሥሩ ያለው ቀጭን ቧንቧ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይወልቅ ከሆነ ቀዳዳው ከወተቱ በላይ የሚሆነው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ ቀዳዳው እስኪሸፈን ድረስ አስምጠው። ቀዳዳው ወተት ውስጥ ከገባ አየር አይስብም።

ቡናውን አስቀድም፣ ወተቱን አስከትል። አንዳንዶች ቡናው እንዳይቆይ ብለው ወተቱን ያስቀድማሉ፣ በአጃ ግን ያ አያዋጣም፣ ቡናው እስኪወርድ ወተቱ ይለያያል። ቡናው ቢቆይ ኩባያውን ትንሽ አሽከርክረው፣ የደረቀው ክሬማ፣ ማለትም ላዩ ላይ ያለው ቡናማ የቡና አረፋ፣ ይላቀቃል። ማሽኗ ለስቲም ዝግጁ መሆኗን ስታሳይህ መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንድ ባዶ ልቀቃት። ውሃ ትተፋለች። ደረቅ እንፋሎት እስኪመጣ ጠብቅ፣ ምክንያቱም አጃ ላይ ውሃ ከተጨመረ ያቺ ያለችውም ውፍረት ትሄዳለች። የወተቱንም መጠን ቀንስ፣ 120 ወይም 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ትንሽ ወተት ደካማ ስቲምም ያሽከረክረዋል።

ጥያቄ፦ «ባሪስታ» (የቡና ባለሙያ) የሚል የተጻፈበት የአጃ ወተት ከተራው በእርግጥ ይለያል ወይስ ስሙ ብቻ ነው? ቤት ውስጥ ራሴ የምሠራውስ? (ሀ.)

መልስ፦ ይለያል። ካርቶኑን አዙረሽ ጀርባውን አንብቢ። ለባሪስታ የተሠራው ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም አካባቢ ስብ አለው፣ ተራው ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጎመን ዘር ወይም ከሱፍ ዘይት ነው፣ በጣም ተፈጭቶ ስለሚዋሃድ ዘይትነቱ አይታይም። ሌላው የምትፈልጊው ነገር «አሲድ አመጣጣኝ» የሚል ጽሑፍ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ዳይፖታሺየም ፎስፌት ይባላል። ይህ ወተቱ ቡና ውስጥ ሲገባ እንዳይቆራረጥ ያግዘዋል። አንዳንዶቹ እንደ ጄላን ያለ ማወፈሪያም ይጨምሩበታል። ሁለት ዓይነት እኩል ዋጋ ቢኖራቸውና አንዱ 1 ግራም ስብ፣ ሌላው 3 ግራም ቢኖረው፣ ለላቴ አርት የትኛውን እንደምትወስጂ ግልጽ ነው።

ቤት የምትሠሪው ለመጠጣት ጥሩ ነው። ለስቲም ግን አይሆንም። ስታርቹ ስላልፈረሰ ሲሞቅ ይወፍርና ይዝለገለጋል፣ ዘይቱንም በቤት መፍጫ እንደ ፋብሪካው አድርገሽ ማዋሃድ አትችዪም። ለላቴ የተገዛውን ተጠቀሚ፣ የቤቱን ለቁርስ።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «ስኳር አልተጨመረበትም» ይላል፣ ወተቱ ግን ጣፋጭ ነው። ስኳር በሽታ ስላለብኝ ነው የምጠይቀው። (ተ.)

መልስ፦ አልዋሹም፣ ጣፋጭ መሆኑም እውነት ነው። የአጃ ወተት አሠራር የተገኘው በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሪካርድ ኧስተ የተባሉ የምግብ ሳይንቲስት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አጃን በኢንዛይም አፍርሰው እንዲቀጥንና እንዲጠጣ አደረጉት፣ ኦትሊ የተባለው ድርጅትም ከዚያ ሥራ ነው የወጣው። ኢንዛይሙ ስታርቹን ሲያፈርሰው ማልቶስ የሚባል ስኳር ይወጣል። ማንም አልጨመረውም፣ ከራሱ ከአጃው መጣ እንጂ። ማልቶስ ግን ደም ውስጥ በፍጥነት የሚገባ ስኳር ነው። ስለዚህ «አልተጨመረበትም» የሚለውን ሳይሆን ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት የሚለውን መስመር ይመልከቱ፣ በቀን ስንት ኩባያ እንደሚሆንልዎትም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ይህን አቅልለው እንዳያዩት አደራ።

ጥያቄ፦ ወተቱ ቡናው ውስጥ ሲገባ ቅንጥብጣቢ ሆኖ ተቆራረጠብኝ። ተበላሽቶ ነው? (ፍ.)

መልስ፦ መጀመሪያ ቅመሺው። ካርቶኑ ከተከፈተ ቀናት ካለፉትና ኮምጠጥ ካለ አዎ፣ ይደፋ። ደህና ከሆነ ግን ጥፋቱ የአሲድ ነው። የቡና ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ 5 አካባቢ ነው፣ የአጃ ወተት ደግሞ ወደ 7 ይጠጋል። አሲድና ሙቀት በአንድ ጊዜ ሲመጡበት በውስጡ ያለው ጥቂት ፕሮቲን ይጠቀለላል፣ አንቺ የምታዪው ቅንጥብጣቢ እሱ ነው። የአኩሪ አተር ወተት በዚህ ከአጃው የባሰ ነው።

አሲድ አመጣጣኝ ያለበትን ወተት መጠቀም ግማሹን ችግር ይፈታዋል። ሌላው ቡናሽ ነው። በስሱ የተቆላ ቡና አሲዱ ጎላ ይላል፣ መካከለኛ ወይም ጠቆር ያለ ቆላ ለአጃ ይስማማል። እኔ በበኩሌ ለአጃ ሁልጊዜ መካከለኛውን ነው የምመርጠው፣ የአጃው እህልነትና የቡናው ጣፋጭነት ያኔ ይገናኛሉ፣ በስሱ የተቆላው ጋር ግን ሁለቱ ይጣላሉ። ወተቱንም ከ60 አታሳልፊው። ስትጀምሪ በቀጭኑ እየቀዳሽ ከቡናው ጋር ቀስ ብሎ ይላመድ እንጂ በአንዴ አትገልብጪበት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ልጄ ማሽን ሰጥቶኛል፣ ስቲሙን በደንብ ለምጃለሁ፣ አረፋዬ ያብረቀርቃል። ስቀዳ ግን ነጭ ጉድፍ ብቻ ነው የሚወጣው። ተስፋ ልቁረጥ? (አንድ አባት)

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ አባቴ! ዋናውን ጨርሰዋል። የአጃ አረፋ ማብረቅረቅ ከጀመረ ቀሪው የእጅ ልምድ ነው፣ እሱም ቢሆን ብዙ ጥንካሬ አይጠይቅም።

ስለ እጅዎ አስቀድሜ ልናገር። የጆጉን አፍ የኩባያው ጠርዝ ላይ ያስደግፉት። ባለሙያዎችም ያደርጉታል፣ ነውር የለውም። ኩባያውን የያዘውን ክርን ወደ ጎንዎ ያስጠጉት። ጆጉን ሲይዙም በጣም አይጨብጡት፣ ሲጨበጥ መንቀጥቀጡ ይብሳል።

አሁን የሥዕሉ ቀረጻ። ጉድፍ ብቻ የሚወጣው ሁለት ነገር ሲምታታ ነው፣ ከፍታና ፍጥነት። ወተቱ ከከፍታ ሲወርድ ክሬማውን በስቶ ይገባል፣ ላይ ላይ አይታይም። ከቅርብ ሲፈስ ደግሞ ላይ ይንሳፈፋል፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍ ይበሉ፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ በቀጭኑ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቅዱ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኩባያውን ሙሉ እየዞረ ይቀዳል፣ ለአጃ ግን አልመክረውም። የአጃ ወተት ከላም ወተት ይልቅ ፈዘዝ ያለ ቀለም ስላለው ነጩ በደንብ የሚለየው ክሬማው ጥቁር ቡናማነቱን ከጠበቀ ብቻ ነው፣ ሁሉም ቦታ ላይ ከፈሰሰ ግን ክሬማው ይታጠብና ሥዕሉ ቢወጣም አይታይም።

ኩባያው ግማሽ ሲደርስ ወደ ራስዎ አዘንብለው ያዙትና ጆጉን ዝቅ ያድርጉት፣ አፉ ክሬማውን ሊነካ እስኪደርስ። አሁን ፍሰቱን ጨመር። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚፈራው። ኩባያው ሊሞላ ነው ብሎ እጁን ይሰበስባል፣ ወተቱ ቀጥኖ ይወርዳል፣ ቀጭን ፍሰት ደግሞ ወደ ታች ይገባል እንጂ አይስልም። ደፍረው ይቅዱ። ነጭ ክብ እያደገ ይመጣል። ቦታዎን ሳይለቁ ክቡ እንዲሰፋ ይተዉት፣ ኩባያው ሲሞላም ቀስ እያሉ ያቃኑት። ሊሞላ ሲል ጆጉን ከፍ አድርገው፣ በጣም ቀጭን አድርገው፣ ክቡን ለሁለት ሰንጥቀው ወደ ፊት ይሂዱ። ልብ ሆነ።

ሰፊና ሥሩ ክብ የሆነ ኩባያ ይጠቀሙ፣ 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዝ። ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ለሥዕል ቦታ አይሰጥም።

ልቡ እስኪጠና ድረስ ወደ ሌላ አይሂዱ። የቅጠሉ ሥዕል፣ ሮዜታ የሚባለው፣ ጆጉን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ይፈልጋል፣ አጃ ደግሞ በመሃል ይለያይብዎታል። ታሪኩም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሄደው። በሲያትል ላቴ አርትን ያስፋፋው ዴቪድ ሾመር በ1989 እ.ኤ.አ. የሚታወቀው በልብ ነበር፣ ሮዜታን የጨመረው በ1992 ነው። ከልብ ቀጥሎ ቱሊፕን ይሞክሩ፣ እሱ መወዛወዝ የለበትም። ትንሽ ቀድተው ያቆማሉ፣ ከኋላው ሌላ ትንሽ ገፋ ያደርጋሉ፣ በመጨረሻ ይሰነጥቁታል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ከሮዜታ ይልቅ ቱሊፕ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «እውነተኛ ባለሙያ በአጃ ወተት አይሠራም» ብሎ ተከራከረኝ። (ቢ.)

መልስ፦ የዓለም የባሪስታ ውድድር ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተወዳዳሪዎች ከላም ወተት ሌላ የእፅዋት ወተትም እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ይህን ንገረው። ከዚያ አንድ ኩባያ ሠርተህ አቅምሰው።

ጥያቄ፦ ማሽን የለኝም፣ የመግዛትም አቅም አሁን የለኝም። ምድጃ ላይ የሚጣድ ሞካ የቡና ማፍያ አለኝ፣ ወንፊቱ ወደ ታች የሚጫን ፍሬንች ፕሬስም አለኝ። (ን.)

መልስ፦ ይበቃሻል፣ ከፍሬንች ፕሬሱ የሚወጣው አረፋ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ጥሩ ነው። ወተቱን በትንሽ እሳት እያማሰልሽ 55 ወይም 60 አድርሺው፣ እንዳይፈላ ዓይንሽን ከላዩ አታንሺ። ፍሬንች ፕሬሱን በሙቅ ውሃ አሙቂውና ከሲሶው አታስበልጪ፣ አረፋው ሲነሳ ቦታ ይፈልጋል። መጀመሪያ ወንፊቱን ከወተቱ ፊት አጠገብ ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጊው፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ ወንፊቱ ከወተቱ ሳይወጣ ከታች እስከ መሃል ብቻ በፍጥነት ምቺው፣ ይህኛው ነው አረፋውን የሚያደቅቀው። ሰው የሚሳሳተው እስከ መጨረሻው ከላይ ስለሚመታው ነው፣ ደረቅ አረፋ ይሆንበታል። ሲያልቅ ኳ አድርጊው፣ ወደ ትንሽ ጆግ ገልብጪው፣ አሽከርክሪና ወዲያው ቅጂ።

በባትሪ የሚሠራው የእጅ መምቻም ይሆናል፣ ግን ፊኛው ትልልቅ ነው። ላይ ላይ ጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያ ጥልቅ አድርገሽ ረዘም ላለ ጊዜ።

የሞካ ቡና ክሬማው ስስ ስለሆነ ሥዕሉ እንደ ኤስፕሬሶው አይደምቅም። ቡናውን ጠንከር አድርጊው፣ ውሃውን አታብዢ፣ ኩባያ ውስጥም ጥቂት ብቻ ቅጂ። ልብ ይወጣልሻል፣ ፈዘዝ ያለ ቢሆንም ልብ ነው።

ጥያቄ፦ የስቲም ቧንቧዬ ላይ ቡናማ ቅርፊት ጋግሯል፣ በላም ወተት እንዲህ አይሆንም ነበር። የተረፈ ወተትስ ድጋሚ ስቲም ይደረጋል? (ወ.)

መልስ፦ ስታርችና ስኳር ነው፣ ትኩስ ብረት ላይ በጥቂት ደቂቃ ይደርቃል። ወተቱን እንዳወረድክ፣ ገና ሳትቀዳ፣ ስቲሙን ለአንድ ሰከንድ ልቀቀውና በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። የጋገረውን ደግሞ ማሽኑ ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በያዘ ጆግ ውስጥ ቧንቧውን ዘፍዝፈህ ተወው፣ ይለሰልሳል። ጫፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ሲቀዘቅዝ በመርፌ ክፈታቸው። አንድ ቀዳዳ እንኳ ቢደፈን ወተቱ በትክክል አይሽከረከርም፣ ሰው ደግሞ ማሽኑ የደከመ መስሎት ይጨነቃል።

የተረፈው ድጋሚ አይሆንም። አረፋ አይነሳም፣ ይወፍራል፣ ጣዕሙም ይሞታል። ቀዝቀዝ አድርገህ ጠጣው።

ጥያቄ፦ የአጃ ወተት ውድ ነው። እየደፋሁ መለማመድ ሆዴን ይበላኛል። (ሰላም የምትመኝልህ ረ.)

መልስ፦ ለስቲሙ ወተት አያስፈልግሽም። ጆጉ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጊ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪበት፣ ልክ እንደ ወተት ስቲም አድርጊው። አየሩ በዝቶ እንደሆነ፣ አዙሪቱ እየሠራ እንደሆነ በግልጽ ታዪያለሽ። አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከበዛ ሁሌም ጥሩ ያስመስለዋል። ይህ የማያስተምርሽ የአጃውን መለያየት ነው፣ ስለዚህ ቀረጻውን በምትጠጪው ኩባያ ላይ ተለማመጂ። ሥዕሉ ባይወጣም ቡናው ይጠጣልና የሚደፋ ነገር የለም። ከሳሙናው በኋላ ግን ጆጉን ደጋግመሽ አለቅልቂው፣ ቧንቧውንም በንጹህ ውሃ ውስጥ አንዴ ልቀቂው። የቀረች ሳሙና ጣዕሙንም አረፋውንም ታበላሻለች።